ዓይን የሌላት መኪና

ሬሳውን ያገኙት ማልደው ወደ ሥራ የሚሄዱ ሁለት ሴቶች ናቸው። ሰውየው ከመንገዱ ዳር ባለው ደረቅ ቦይ ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ ተጋድሟል። አንደኛዋ ሰካራም መስሏት፣ «ተነስ እንጂ ወንድሜ፣ ብርድ ይገድልሃል» ብላዋለች። መልስ ሲጠፋ ነው ጎንበስ ብላ ፊቱን ያየችው።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሳጅኑ ገመድ ዘርግቶ ተመልካቹን ወደ ኋላ ይገፋል። እሷ ቦዩ ውስጥ ወርዳ ከሟቹ አጠገብ ቁጢጥ አለች። አምሳ ዓመት ያለፈው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው። ከኪሱ የልብስ ሰፊ ሜትር ብቅ ብሏል። በቀኝ እጁ የሴት ልጅ ሹራብ ጨብጧል።

«ሌባ ይሆን?» አለ ሳጅኑ ሹራቡን እያየ።

«ሌባ የሰረቀውን እንዲህ አጣጥፎ አይዝም። ብርድ እንዳይመታት ብሎ ለልጁ ይዞላት የሚሄድ አባት ነው።»

«አለቃ፣ እርስዎ ደግሞ ሁልጊዜ አንጀት የሚበላውን ነው የሚመርጡት።»

«እኔ መቼ መረጥኩት? እሱ ነው የሚመርጠኝ።»

ክፉ ክፉውን ማሰብ የቆየ ጠባይዋ ነው። የራሷ ልጅ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች፣ ልጅቷ በሩን እስክታንኳኳ ድረስ በሐሳቧ ቀብራት፣ አልቅሳላት፣ ከለቀስተኛ ጋር ተቀምጣ ትጨርሳለች። በቤቷ ይህ ጠባይ መሳቂያ ነው። በሥራዋ ግን ብዙ ጊዜ ልክ ሆኖ ያገኘችው እሱን ነው።

የሟቹ ዳሌና የጎድን አጥንት ተሰብሯል። መኪና ነው የመታው። አስፋልቱ ላይ ግን ፍሬን የተያዘበት ምልክት የለም። ኢንስፔክተሯ መንገዱን ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰች አየችው።

«ብርጭቆ የለም» አለች።

«መብራቱ ሳይሰበር ቀርቶ ይሆናላ።»

«የተመታው በመኪናው የፊት ጥግ ነው። መብራት የሚቀመጠው እዚያው ነው። የሰው አጥንት ሲሰበር መብራቱ እንዴት ይተርፋል?»

ሳጅኑ ሹራቡን አንስቶ ገለጠ። ከክሩ መሐል አንድ ነገር አገኘ፤ ጥፍር የምታክል የመኪና ቀለም ቅርፊት። በወረቀት ጠቅልሎ አስቀመጣት።

ሐኪሙ ሬሳውን ካየ በኋላ የተናገረው ጥቂት ነው። «ሲመሽ ነው የተመታው። ወዲያው ግን አልሞተም።»

«ቶሎ ቢደርሱለት ኖሮስ?»

«ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም» አለ ሐኪሙ እጁን እየታጠበ። «ዕድል ግን ነበረው።»

የሟቹ ቤት ለቅሶ በደረሰ ሰው ሞልቷል። ባለቤቱ ከግድግዳው ተደግፋ ተቀምጣለች። አታለቅስም። ኢንስፔክተሯን እንዳየች፣ «እኔ ነኝ የላክሁት» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

«ወዴት?»

«ልጄ መሽቶባት ቀረች። እኔ ደግሞ አንዴ ካሰብኩ አልችልም። እሱ እየሰፋ ነበር፤ "ትመጣለች፣ ልጅ ናት እንዴ" አለኝ። ተነስ፣ ሂድና አምጣት አልኩት። ሹራቧን ራሴ ነኝ አጥፌ የሰጠሁት።»

«ከየት ነበር የሚያመጣት?»

«ከማሠልጠኛው። የተጋጨ መኪና ጥገና ነው የምትማረው። ወንድ የጠፋ ይመስል! መርፌ አስተምራት ብዬ ስለምነው፣ "እሷም ልብስ ሰፊ ናት፣ የሷ ጨርቅ ቆርቆሮ ስለሆነ ነው" ብሎ ይስቅብኝ ነበር። እኔ የቀለሙ ጭስ ሳንባዋን ይበላዋል እያልኩ እንቅልፍ አላገኘሁም።»

ልጅቷ ጥግ ላይ ናት። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። በጥፍሮቿ ሥር ግራጫ ዱቄት ተጋግሯል። ድምፅዋ ሻክሯል።

«አባትሽ በሞተበት ማታ የት ነበርሽ?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

ልጅቷ መጀመሪያ እናቷን አየች። «ጓደኛዬ ቤት። ለፈተና እያጠናሁ።»

«ከማሠልጠኛው በቀጥታ?»

«አዎ፣ በቀጥታ። ቤት ስመጣ አባዬ ሊቀበለኝ ወጣ አሉኝ። ተላልፈን ነው ብዬ ጠበቅሁት፤ ሲቆይ ጎረቤት ወጥቶ ፈለገው፣ በጨለማ አላገኙትም።»

እናትየዋ ኢንስፔክተሯን እስከ በር ሸኘቻት። እጇን ያዘቻት። «እህቴ፣ ያደረገውን ሰው ፈልጊልኝ። ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህቺ ልጅ አንድ ዓይኔ ናት። ነገሩ ወደ ሷ እንዳይመጣብኝ። እሱን ቀብሬያለሁ፤ እሷን መቅበር አልችልም።»

«ለምን ወደ ሷ ይመጣል?»

«እንጃ። እኔ ሁልጊዜ ክፉውን ነው የማስበው።»

ኢንስፔክተሯ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። እሷም ያሰበችው እሱኑ ነበር።

ጎረቤቱ ሁሉ የጠቆመው አንድ የሚኒባስ ሾፌር ነው። መኪናውን በልብስ ሰፊው መስኮት ፊት እያቆመ፣ «ብርሃኔን ከለከልከኝ»፣ «መንገዱን ገዛኸው ወይ?» እየተባባሉ ሲነታረኩ ኖረዋል። በሰው ፊትም «አንድ ቀን እደፈጥጥሃለሁ» ብሎት ያውቃል። ሳጅኑ ሚኒባሱን ጋራዥ ውስጥ አገኘው። የቀኙ መብራት ተሰብሯል።

«አፌ ነው!» አለ ሾፌሩ ላብ እያጠመቀው። «የኔ አፍ ሞተር አለው እንጂ ፍሬን የለውም፤ አገር ያውቃል! መኪናዬ ሞተሯ ወርዶ ከተኛች ሰነበተች። መካኒኩን ጠይቁ።»

መካኒኩ ሞተሩን መሬት ላይ ተበታትኖ አሳያቸው። አቧራ ለብሷል። ሚኒባሷ ከቆመች ቆይታለች።

«የለበስኩትን ሱሪ የሰፋው እሱ ነው» አለ ሾፌሩ ወደ ታች እያየ። «እየተጣላን ይሰፋልኝ ነበር። አሁን ከማን ጋር እጣላለሁ?» ብሎ እንባው መጣ።

የቀለሟን ቅርፊት የመረመረው ባለሙያ ኢንስፔክተሯን ወደ ማጉያው ጠራት። «ይሄ ቀለም አይደለም፣ ሽንኩርት ነው» አላት። «ጠርዙን ይዩት። ነጭ ቀለም አለ። ከሥሩ ስቱኮ፤ የጎደጎደ ቆርቆሮ የሚሞላበት ማለቴ ነው። ከዚያ ቀይ። ደግሞ ስቱኮ። ከዚያ ሰማያዊ። ደግሞ ስቱኮ። እንዲህ እያለ ይሄዳል።»

«አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ የተጋጨ መኪና ነው ማለት ነው?»

«እኔ ብሆን ይህን ያህል ከተጋጨሁ መንዳት አቆማለሁ።»

ሳጅኑ ሳቀ። ኢንስፔክተሯ አልሳቀችም። አንድን ቦታ አጎድጉዶ የሚሞላ፣ ቀብቶ እንደገና የሚያጎደጉድ ማነው? የሚማር ሰው ነው። በልጅቷ ጥፍር ሥር ያየችው ግራጫ ዱቄት ትዝ አላት።

ልጅቷ «እሷ ጋ ነበርኩ» ያለቻት ጓደኛ መዋሸቱን ብዙም አልቻለችበትም። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ማልቀስ ጀመረች። በዚያ ምሽት ልጅቷ እሷ ጋ አልሄደችም። ደውላ፣ «ከጠየቁሽ አንቺ ጋ ነበርኩ በይ» ብቻ ብላታለች።

«በቃ፣ ግልጽ ነው» አለ ሳጅኑ መኪና ውስጥ። «የማሠልጠኛውን መኪና መንዳት ልትለማመድ አወጣችው። መንጃ ፈቃድ የላትም። መሸ። ሰው መታች፣ ደንግጣ ሸሸች። ማን እንደሆነ ያወቀችው ጠዋት ነው።»

«ዝም በል።»

«አለቃ፣ እርስዎም ያሰቡት ይሄንኑ ነው።»

«ስላሰብኩት ነው ዝም በል የምልህ።»

ማሠልጠኛው በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነው። መዶሻ ይጮኻል። የቀለም ሽታ ዓይን ያቃጥላል። በር ላይ ያሉት አዛውንት ዘበኛ ከወንበራቸው ሳይነሱ ወደ ግቢው ዳር ጠቆሙ። «መኪና ከሆነ የምትፈልጊው ልጄ፣ ያለችን ያቺ ናት። እሷ ደግሞ የትም አትሄድ። ታርጋ የላት፣ ዓይን የላት።»

እውነትም ዓይን የላትም። የፊት መብራቶቿ ለትምህርት ተፈትተው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። በቦታቸው ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ቀርተዋል። ኢንስፔክተሯ ቆም አለች። አስፋልቱ ላይ ብርጭቆ ያልተገኘው ለዚህ ነው።

«ሞተሯ ግን ይነሳል አይደል፣ አባባ?»

ሽማግሌው ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው አፍንጫቸውን ጠረጉ። «እኔ የበር ዘበኛ ነኝ፤ የሞተር አይደለሁም።»

ተማሪዎቹ ከበቧት። አንዱ፣ «ፕሮፌሰር» የሚሉት ቀጭን ልጅ፣ የመኪናዋን ኮፈን መታ መታ አደረገ። «ስሟ ታጋሽ ነው እትዬ። ጋሼ በመዶሻ ያጎደጉዷታል፣ እኛ በየተራ እናክማታለን። ስትድን እንደገና ያቆስሏታል።»

«አንተ ያከምካት ጊዜማ መሞቷን መርጣ ነበር» አለ ሌላው።

«ያንተን በር አይተህ ነው? አልጋ ተነጥፎበት ያደረ ይመስላል!»

ጋሼ የሚሉት አሠልጣኛቸውን ነው። ከወዲያ ጥግ አንድ ተማሪ ብየዳ ሲበይድ አጎንብሰው ያያሉ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ትከሻቸው የጎበጠ ሰው ናቸው። ቀና ብለው ኢንስፔክተሯን አዩና ወደ ሥራው ተመለሱ።

ኢንስፔክተሯ መዳፏን በመኪናዋ ላይ አስኬደች። በሮቹ እንደ ውኃ ሞገድ አላቸው። የግራው ፓራፋንጎ፣ ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ፣ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። ወደ ቀኙ ዞረች። እጇ ሳይደናቀፍ ተንሸራተተ። አንዲት ሞገድ የለውም፤ መስታወት ነው። ቀለሙ ብቻ ከሌላው ትኩስ ነው።

«ይሄን ማነው የሠራው?»

ልጆቹ ተያዩ። ፕሮፌሰር እሱም በመዳፉ ዳሰሰው። «ከኛማ ማንም አይችል። አባቷ የሞተባት እህታችን እንኳ፣ ከሁላችን የምትሻለው እሷ ናት፣ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።»

«መቼ ነው የተሠራው?»

«የቀብሩ ዕለት ጠዋት ልንሄድ ስንል ጎድጉዶ ነበር። ተራው የማን ነው ስንል ጋሼ መልስ አልሰጡንም። ከቀብር ስንመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘነው።»

«ጋሼ ቀብር አልሄዱም?»

«እኛን ላኩን እንጂ። ግቢውን እኔ እጠብቃለሁ አሉ።»

«ግቢው ዘበኛ አለው አይደል?»

ፕሮፌሰር ዞር ብሎ በር ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ አያቸው።  ኢንስፔክተሯ ከደረቷ ድንጋይ የወረደላት መሰላት። ልጅቷ አይደለችም። የልጅቷ እጅ ይህን መሥራት አይችልም።

በቀለም ክፍሉ በር ላይ የአፍና የአፍንጫ ጭምብሎች ተሰቅለዋል። ጭምብሎቹ አሮጌ ናቸው፤ ጎማቸው ተሰነጣጥቋል። ማጣሪያዎቻቸው ግን ሁሉም አዲስ ናቸው፤ ገና ዱቄት አልነካቸውም። ይህንንም አየች። ምን ማለት እንደሆነ ግን ያኔ አልገባትም።

ልጆቹን ወደ ውጭ ላከችና ጋሼን መኪናዋ ዘንድ ጠራቻቸው። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። እሷ ቆማ ቀረች።

«ስቱኮ ለጥፈው፣ ጎርበጥበጥ አድርገው ቢተዉት ማንም አያየውም ነበር» አለቻቸው።

ጋሼ ፓራፋንጎውን አዩት። «ሞከርኩ» አሉ። «እንደ ተማሪ ልተወው ብዬ ሞከርኩ። እጄ እምቢ አለኝ።»

«ልብስ ሰፊውን የመቱት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«መብራት የሌላት መኪና በምሽት ይዘው ለምን ወጡ?»

ጋሼ አንገታቸውን ወደ ጭምብሎቹ አዞሩ።  «ልጅቷ ለፈተናው ቀለም እየረጨች ነበር። ቀለሙ ውስጥ የሚጨመረው ማድረቂያ ክፉ ነው፤ ሳንባ ይቆልፋል። ማጣሪያ ሲያረጅ እንደሌለ ነው። ቀይሩ እያልኩ የማስተምረው እኔ ነኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ ያልቀየርኩትም እኔው ነኝ።»

«ከዚያስ?»

«ወድቃ አገኘኋት። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ትንፋሿ ያፏጫል። ግቢው ውስጥ ያለችው መኪና ይህቺው ናት። ከኋላ አስተኝቻት ወጣሁ። ዘበኛው በር ከፈተልኝ። ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱን ተዪው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ መኪናዋ የኋላ ወንበር አየች።  «ልጅቷ መኪናው ውስጥ ነበረች?»

«ነበረች።»

«አባቷን ሲመቱት?»

ጋሼ ጭንቅላታቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። «ድንግዝግዝ ነበር። ጥላ አየሁ፣ ከዚያ ጓ አለ። የሷ ትንፋሽ ሊቆም ነው። አልቆምኩም» አሉ።

«ሰው መሆኑን አውቀዋል?»

«ጉድጓድ ነው አልኩ።» እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «አውቄያለሁ።»

«ክሊኒክ ሲደርሱስ?»

«ኦክሲጅን አደረጉላት። እስክትተነፍስ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ሲሻላት በታክሲ ወደ ቤቷ ላክኋት። ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ፣ ከትምህርቱ ታስወጣኛለች ብላ አስማለችኝ።»

«ክሊኒኩ አምቡላንስ አለው?»

«በር ላይ ቆሞ ነበር።»

«ነርሶችም ነበሩ።»

«ነበሩ።»

«ለአንዷ አንድ ቃል ቢነግሯት፣ ጋሼ። መንገድ ላይ ሰው ወድቋል፣ አለቀ። ልጅቷን ከሰጧቸው በኋላ ምን ያዘዎት?»

«እንዴት ታመመች ብለው ይጠይቁኛል አልኩ። ጭምብሉ ይመጣል፣ ማሠልጠኛው ይዘጋል። ደግሞ መንገደኛ አንስቶት ይሆናል አልኩ። ሰው ለራሱ ሲዋሽ ቃል አያጣም።» እጃቸውን ከፊታቸው አወረዱ። «ጠዋት ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ አባቴን መኪና ገደለብኝ" አለችኝ። ያኔ ነው ማን እንደሆነ ያወቅሁት። ከዚያ በኋላ የደበቅሁት ለሷ ብዬ ነው። እኔን ለማዳን ሲባል ሞተ ብላ እንዴት ትኖራለች?»

«ግማሹ ለሷ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «የቀረውን እርስዎ ያውቁታል።»

ጋሼ ተነሱ። ሳጅኑ ካቴናውን ሲያወጣ ሁለት እጃቸውን አንድ ላይ ዘረጉለት። ውጭ የነበሩት ልጆች መንገድ ለቀቁ። ፕሮፌሰር፣ «ጋሼ?» አለ።

ኢንስፔክተሯ እናትየዋን ከቤቱ ጀርባ፣ ከለቀስተኛው ራቅ አድርጋ ነገረቻት። ምንም አላስቀረችም። እናትየዋ ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። 

«ልጄን አተረፈልኝ» አለች። «ባሌን ገደለብኝ። ልርገመው ብል ልጄ ትተነፍሳለች። ልመርቀው ብል እሱ ቦይ ውስጥ ያጣጥራል። እህቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር አስቤ አላውቅም። እኔ እንኳ አላሰብኩትም።»

«ለምርመራው ቃሏን መስጠት አለባት። ከኔ ብትሰማው ይሻላል ካልሽ እኔ—»

«የለም። እኔ ነኝ የምነግራት።»

ልጅቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። እናትየዋ ገብታ ፊት ለፊቷ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ቀረች፤ ሳጅኑ ከኋላዋ።

«የዚያን ምሽት ክሊኒክ ነበርሽ።»

ልጅቷ ብድግ አለች። «ማን ነገረሽ? እማዬ፣ እንዳታስወጪኝ ብዬ ነው፤ ማርያምን—»

«ተቀመጪ። አልቆጣሽም። መጀመሪያ የኔን ስሚ። አባትሽ አልሄድም ብሎኝ ነበር። ተነስ ብዬ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ይሄን ያዢልኝ። የኔ ነው፤ ለማንም አላካፍለውም። አሁን ደግሞ የቀረውን ልንገርሽ።»

ነገረቻት። ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ ግን ሳታቆም ነገረቻት። ልጅቷ ዓይኗን ከእናቷ ላይ አልነቀለችም።

«ሰምቼዋለሁ» አለች። «ከኋላ ተኝቼ ጓ ሲል ሰምቻለሁ። ምንድን ነው ጋሼ ለማለት ሞከርኩ። ጉድጓድ ነው ልጄ፣ አንቺ ተንፍሺ አሉኝ። እማዬ፣ እኔ ደግሞ ተነፈስኩ።»

ከዚያ ደረቷ ተያዘ። ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ። በመዳፏ አልጋውን መታች፤ ከትራሷ ሥር ክሊኒኩ የሰጣት፣ ከእናቷ የደበቀችው የትንፋሽ መድኃኒት መርጫ ነበር። እናትየዋ አወጣችውና እንዴት እንደሚያዝ ሳታውቅ ከልጇ ጣት ጋር አብራ ያዘችው። አፏ ላይ አደረጉት። ተጫኑት። እናትየዋ አልጋው ላይ ወጥታ ልጇን ከኋላ አቀፈች፤ ጀርባዋን ከደረቷ ጋር አጣበቀች።

«ከኔ ጋር» አለቻት። «ሳብ አድርጊ። ልቀቂ። እሱ የወጣው አንቺን ሊያመጣ ነው። ባዶ እጁን አታስቀሪው። ሳብ አድርጊ፣ የኔ ልጅ። ልቀቂ።»

ሳጅኑ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «እንሂድ አለቃ?» አለ በሹክሹክታ።

«ቆይ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ትንፋሿ ይመለስ።»

ከበሩ ውጭ ቆመው አዳመጡ።